በ11 ደቂቃ እጨርሰው የነበረ መቁጠሪያ

ከጀሞ እስከ ሜክሲኮ በታክሲ ስሄድ ሙሉ መቁጠሪያ በ11 ደቂቃ እጨርስ ነበር። ሰዓት ይዤ ነው የምላችሁ። መቁጠሪያ የምለው የካቶሊኩን ነው፤ አምስት አሥር አለው፣ በየአሥሩ «ሰላም ለኪ» አሥር ጊዜ እየተባለ ከጌታና ከእመቤታችን ሕይወት አንድ ታሪክ ይታሰባል፤ ያ ታሪክ ምሥጢር ይባላል፣ እንደ ቀኑም የደስታ፣ የብርሃን፣ የሕማማት ወይም የክብር ምሥጢር ይሆናል። አንድ ዓርብ ጠዋት ረዳቱ «ሂሳብ!» ብሎ ትከሻዬን ሲነካኝ ደነገጥኩና የቱ ምሥጢር ላይ እንዳለሁ ጠፋኝ። ጣቴ አራተኛው አሥር ላይ ነው። ዓርብ የሕማማት ምሥጢር ስለሆነ ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ ወደ ቀራንዮ እየወጣ ነው ማለት ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ፍሬ ጀምሮ ስለ ቤት ኪራይ ነበር የማስበው። አፌ «ሰላም ለኪ» ይላል፣ ጣቴ ይቆጥራል፣ ልቤ አከራዬን ይከራከራል።

ይህን የምጽፈው እንደዚያ ለሚጸልይ ሰው ነው። መቁጠሪያ የማይጸልየውን ላሳምን አልመጣሁም፤ ለዓመታት እየጸለየ የደረቀበት፣ ግን መተውም የከበደው ሰው ካለ የእኔን መንገድ ይስማ። መፍትሔ የሆነኝ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። እዚያም የደረስኩት ግን መጀመሪያ በደንብ ተሳስቼ ነው።

ያደግኩት እምድብር አካባቢ፣ ማታ ማታ መቁጠሪያ በሚባልበት ቤት ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ መቁጠሪያ ግን ትቆጥር ነበር። ከሦስተኛው አሥር አንድ ፍሬ ጠፍቶ ስለነበር አሥረኛውን በክሩ ቋጠሮ ላይ ነበር የምትለው። እኛ ልጆች ምድጃውን ከብበን እንጀምርና ሁለተኛው ምሥጢር ሳያልቅ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈን እናንቀላፋለን። አያቴ አትቆጣም። ብቻ «አሁንም በምንሞትበትም ሰዓት» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፤ በዚያ እንነቃለን።

ድሮ ሰላምታው በሦስት ዙር 150 ጊዜ ይባል የነበረው ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ካደግኩ በኋላ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መነኮሳቱ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ደግሞ በየመዝሙሩ ፈንታ መጀመሪያ «አባታችን ሆይ»ን፣ ኋላም የመልአኩን ሰላምታ 150 ጊዜ ይል ጀመር፤ ስሙም «የእመቤታችን መዝሙር» ተባለ። ይህን ሳነብ አያቴ ፊቴ ድቅን አለች። ያ ጸሎት ልክ ለእሷ የተሠራ ነበር። እኔ ግን ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ መጽሐፉ ራስጌዬ አለ፤ ታዲያ ለምን እንደማያነብ ሰው እጸልያለሁ? አያቴማ ባታነብም ወንጌሉን ከቅዳሴና ከስብከት በጆሮዋ ይዛ በልቧ ታየው ነበር። እኔ ሁለቱም የለኝም።

ነገሩ የተገለጠልኝ በቁምስናችን፣ ማለት በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን፣ በተደረገ የአንድ ቀን ሱባኤ ላይ ነው። ሱባኤውን የመሩት ሲስተር ብዙም አላስተማሩን። ሉቃስ 1ን ከቁጥር 26 እስከ 38 ሦስት ጊዜ አስነበቡንና «እስከ ዛሬ ያላያችሁትን አንድ ቃል አምጡ» አሉን። ሦስተኛው ንባብ ላይ መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ያዘችኝ፦ «መልአኩም ከእርስዋ ሄደ።» ከልጅነቴ ጀምሮ የደስታን ምሥጢር ስደግም መልአኩ መምጣቱን እንጂ መሄዱን አስቤ አላውቅም። ሄደ! ለዮሴፍ ማን ይንገረው፣ ለጎረቤት ምን ይባል፣ ምንም ሳያብራራ ሄደ። «እነሆኝ የጌታ ባሪያ» ካለች በኋላ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን የቀረች ልጅ ታየችኝ። የዚያን ዕለት ማታ አንዱን አሥር ስጸልይ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ ሰዓት አላየሁም፣ ባለቤቴ ነው የነገረኝ።

ስህተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እንደ ማንኛውም አዲስ የጋለ ሰው አበዛሁት። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁና ለእያንዳንዱ ፍሬ አንድ ጥቅስ ልጽፍ ተነሣሁ፤ ለአንዱ ምሥጢር 10 ጥቅስ፣ ለአንድ ቀን 50፣ ለአራቱም ዓይነት ምሥጢራት 200። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ በየፍሬው ጥቅስ እያነበቡ መጸለይ በሌላው ዓለም የታወቀ መንገድ ነው፤ በማኅበር ሲጸለይ፣ አንዱ እያነበበ ሌላው ሲመልስ ያምራል። ብቻዬን ግን አልሆነልኝም። ዓይኔ ደብተር ላይ፣ ጣቴ ፍሬ ላይ፣ ጥቅሱ ገና ሳይገባኝ ሌላው ይመጣል። ስጨርስ ፈተና ተፈትኜ የወጣሁ ይመስለኛል። በዚያ ላይ ከ40 ደቂቃ በላይ ስለሚወስድ ልጆቹ ይነሡብኛል፣ ቁርስ ይረፍዳል። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩ ከቁም ሣጥን ላይ ተሰቀለ። በ11 ደቂቃ ከመሮጥ ወጥቼ በ40 ደቂቃ መሮጥ ጀምሬ ነበር፤ ሩጫው ያው ነው።

ያዋጣኝ አንድ ጥቅስ ለአንድ አሥር ነው። አምስት ጥቅስ በቀን። እሱም ሲበዛብኝ አንድ።

እንዲህ ነው የማደርገው። ማታ ከመተኛቴ በፊት የነገውን ምሥጢር ምዕራፍ ሙሉውን አነባለሁ፤ ጠዋት አላነብም። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቤቱ ሳይንጫጫ፣ ከምዕራፉ የመረጥኩትን አጭር ቃል ብቻ ድምፅ አውጥቼ እላለሁ፤ ከዚያ ዝም። ዝምታውን በትንፋሽ ነው የምለካው፤ አምስት ስድስት ጊዜ ተንፍሼ ከዚያ «አባታችን ሆይ» እጀምራለሁ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በጥቅምት 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2002) ስለ መቁጠሪያ በጻፉት መልእክት ያሉትም ይኸው ነው፤ ምሥጢሩ ይጠራ፣ የእግዚአብሔር ቃል ይነበብ፣ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይባል። ሐሙስ የሚጸለዩትን የብርሃን ምሥጢራት የጨመሩት በዚያው መልእክት ነው፤ በቁምስናችን ያሉ አንዳንድ እናቶች እስከ ዛሬ ሐሙስን አልፈው የለመዱትን ይደግማሉ፣ ማንም አይናገራቸውም።

ከዚሁ መልእክት ያገኘሁት ሌላ ነገር አለ፤ በአንዳንድ አገሮች «ሰላም ለኪ» ሲባል ኢየሱስ የሚለው ስም ጋ ሲደርሱ ከምሥጢሩ አንድ ሐረግ ይጨምራሉ። እኔም ሞከርኩት። «የማኅፀንሽም ፍሬ ኢየሱስ» እልና «በጌቴሴማኒ የተጨነቀው» ብዬ እቀጥላለሁ። ወይም «በግርግም የተኛው»፣ ወይም «ሦስት ቀን የጠፋብሽ»። ልቤ ሲሸሽ የሚይዘው ይህ ነው፤ አሥር ጊዜ ስሙ ጋ ስትደርስ አሥር ጊዜ ትመለሳለህ። በታክሲ ውስጥ እንኳ ይሠራል። ሁልጊዜ ግን አልጨምርም፤ ልቤ ጸጥ ካለ ቃሉን ማብዛት ምን ያደርጋል?

ልብ መሸሹን በተመለከተ ድሮ እየተናደድኩ ከመጀመሪያው ፍሬ እጀምር ነበር። አሁን ወደ ኋላ አልመለስም። የቤት ኪራዩ ከመጣብኝ ኪራዩን ይዤው ወደ ጥቅሱ እገባለሁ። የልደቱ ጥቅስ «በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው» ነው፤ እስቲ ከዚህ በላይ ተከራይን የሚያውቅ ጥቅስ የት አለ?

አሁን ወደ አማቴ ልምጣ። ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ነው፤ እናቱ በፍልሰታ ጾም እኛ ዘንድ መጥተው ይሰነብታሉ። እኛም በግዕዝ ሥርዓት የምንቀድሰው ካቶሊኮች ፍልሰታን ስለምንጾም በዚያ ሰሞን ቤታችን አንድ ሽሮ፣ አንድ ሰዓት ነው። እሳቸው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደግመው ሲጨርሱ እኔ መቁጠሪያዬን ይዤ አገኙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ፍሬው ስንት ነው?» አሉኝ።

«59 ነው፣ እማማ።»

«የእኔ 41 ነው። ምን ያረግልሻል ይህ ሁሉ?»

«እርስዎ ‹እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ› ይሉበት የለ? እኔ የመልአኩን ሰላምታ እልበታለሁ።»

«እኛስ ‹በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል› እንል የለም እንዴ!» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። «በይ እንግዲህ፣ እኔም ልስማው።»

የደስታ ምሥጢር ነበር። ሁለተኛው ላይ ኤልሳቤጥ የማርያምን ሰላምታ ስትሰማ «ፅንሱ በማኅፀንዋ ውስጥ ዘለለ» የሚለውን አነበብኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ነገር አንብቤ ነበርና ላካፍላቸው ፈለግሁ፤ 2ኛ ሳሙኤል 6 ላይ ዳዊት «የእግዚአብሔር ታቦት ወደ እኔ እንዴት ይመጣል?» ይላል፣ ኤልሳቤጥም «የጌታዬ እናት ወደ እኔ ትመጣ ዘንድ እንዴት ይሆንልኛል?» ትላለች፤ ታቦቱ በአቢዳራ ቤት ሦስት ወር ተቀመጠ፣ ማርያምም በዘካርያስ ቤት ሦስት ወር ያህል ተቀመጠች። ይህን ሁሉ ልዘረዝር አፌን ስከፍት አማቴ ቀደሙኝ።

«ታቦት ፊት ነዋ! ታዲያ ካልዘለለ ምን ያድርግ?»

እኔ ከማብራሪያ መጽሐፍ ያገኘሁትን እሳቸው ከጥምቀት ነው ያመጡት። ታቦት ሲወጣ ሕዝቡ እልል ሲል፣ ሲያሸበሽብ ዕድሜ ልካቸውን አይተዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ምሥጢር ስጸልይ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ጃን ሜዳ ነው። ጥቅስን ለማስተንተን የሩቁን አገር ኮረብታ በግድ መሳል እንደሌለብኝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የምታውቀውን ይዘህ ግባ፤ ወጥ ቤትህን፣ ቀበሌህን፣ ታቦትህን።

የክብር ምሥጢር አራተኛውና አምስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል፤ ስለ እመቤታችን ዕርገትና ስለ ዘውዷ በቀጥታ የሚተርክ የወንጌል ምዕራፍ የለም። እኔ ለአራተኛው «አቤቱ፥ ወደ ዕረፍትህ ተነሥ፥ አንተና የመቅደስህ ታቦት» የሚለውን ከመዝሙር 132 እወስዳለሁ፤ ከታቦቱ ነገር ጋር ስለሚገጥም። ለአምስተኛው ራእይ 12፥1፣ ፀሐይን የተጐናጸፈችውን ሴት። በዚህ የማይስማማ ጓደኛ አለኝ፤ እሱ ሁለቱንም በጸሎተ ማርያም፣ «ነፍሴ ጌታን ታከብረዋለች» በሚለው ብቻ ይጨርሳል። ያም ያስኬዳል።

የሕማማቱ ምሥጢር ግን ሌላ ነው። እሱን በደብተር አልተማርኩትም።

አባቴ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ አስታማሚ ሆኜ 19 ሌሊት አደርኩ። ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፌ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ቁጭ ብዬ ነበር የማድረው። ማታ ማታ የጌቴሴማኒን አሥር ለእሱ እጀምራለሁ፤ ሦስተኛው ፍሬ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። አንድ ሌሊት ስነቃ አባቴ ዓይኑን ገልጦ እያየኝ ነው፤ መቁጠሪያዬ ወለል ላይ ወድቋል። «ተኚ እንጂ» አለኝ። በጣም አፈርኩ። ማርቆስ ላይ «አንዲት ሰዓት ስንኳ ልትተጋ አልቻልህምን?» የሚለው ቃል ለእኔ የተነገረ መሰለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያስጨንቀኝ ዋለ።

በማግስቱ ስልኬ ላይ ያንኑ ታሪክ ከሉቃስ አነበብኩት። ሉቃስ 22፥45 ደቀ መዛሙርቱን ያገኛቸው «ከኀዘን የተነሣ ተኝተው» ነው ይላል። ከስንፍና አይልም፤ ከኀዘን። ያን ሁለት ቃል ሳይ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ያ ነው እንግዲህ አራቱንም ወንጌል አመሳክሮ ማንበብ የሚሰጥህ፤ አንዱ የወቀሰህን ሌላው አዝኖ ያይልሃል። ከዚያ ወዲያ ሦስተኛው ፍሬ ላይ እንቅልፍ ሲወስደኝ «ከኀዘን የተነሣ» እያልኩ ነው የምተኛው።

አባቴ ያረፈው ዓርብ ሳይሆን እሑድ ነው፤ የክብር ምሥጢር ቀን። እኔ ግን አፌ ላይ የነበረው የአምስተኛው የሕማማት ምሥጢር ጥቅስ ነበር፦ «አባት ሆይ፥ ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ።» በእኛ ቋንቋ አደራ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ገንዘብ አደራ የሰጠኸው ሰው ቢበላብህ አገር ይታዘበዋል። ልጅ አደራ ይባላል፣ ቤት አደራ ይባላል። ጌታ ነፍሱን የሰጠው እንደዚያ ነው፤ ለሚመልስ ሰው እንደሚሰጥ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት አማቴ ይህን ስነግራቸው «የዳዊት ነው እኮ» ብለው መዝሙሩን በቃላቸው አሉት፤ በመጽሐፍ ቅዱሳችን መዝሙር 31 ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ሲባል ውስጤ የነበረው ያ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ አደራ። ሌላ ጸሎት አልጸለይኩም፤ አልቻልኩም። ፍሬውን ብቻ እይዛለሁ፤ አልቆጥርም።

ስለዚህ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሲጠይቀኝ አምስቱንም አትበል እለዋለሁ። አንዱን አሥር፣ አንዱን ቃል። ፍሬ ይዞ ዝም ማለትም ይቆጠራል።

ልጀምር ለሚል ደግሞ ጊዜው መስከረም ማለቂያ ላይ ነው የሚሻለው። ምክንያት አለኝ። ጥቅምት በካቶሊኩ ዓለም የመቁጠሪያ ወር ነው፤ የበዓሉ ቀን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 በእኛ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ መስከረም 27 ላይ ይውላል። በአገራችን ደግሞ ወርኃ ጽጌ የሚገባው መስከረም 26 ነው፤ እመቤታችን ከልጇ ጋር መሰደዷ የሚታሰብበት፣ በአበባ የምትመሰገንበት 40 ቀን። መቁጠሪያ በላቲኑ ሮዛሪዩም ነው የሚባለው፤ የጽጌረዳ ቦታ ወይም አክሊል እንደ ማለት። ሁለቱ ያለ ምንም ቀጠሮ ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ በሆነበት ሰሞን ይገናኛሉ። እኔ ያን ሰሞን ለመጀመር ሌላ ግፊት አላስፈለገኝም።

ጥቅስ ስትመርጥ ረጅሙን ተው። ለምን ቢባል ረጅም ጥቅስ ያስተምራል፣ አጭሩ ግን ቀን ሙሉ አብሮህ ይውላል። ቤተ መቅደስ ውስጥ የተገኘበትን ምሥጢር ሙሉውን ታሪክ ከማነብ «አላስተዋሉም» የምትለዋን አንዲት ቃል እይዛለሁ። ማርያምና ዮሴፍ ልጃቸው የነገራቸውን አላስተዋሉም! የ14 ዓመት ልጅ ላላት እናት ከዚህ የበለጠ ምን ያጽናናል? ልጄ በሩን ዘግቶ ሲገባ ያቺን ቃል አስታውሳለሁ፤ አንዳንዴ ዝም እላለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ በሩን አንኳኳለሁ።

ነገ ሐሙስ ነው። ደብተሩን ከቁም ሣጥኑ ላይ ካወረድኩት ቆይቷል፤ በየገጹ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ለነገ ሁለተኛው ምሥጢር የጻፍኩት የቃና ዘገሊላው ነው፦ «የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም።» እመቤታችን እንዲህ አድርግ፣ በዚህ ቀን አድርግ አላለችም፤ የጎደለውን ብቻ ነገረችው። ለዚህ ወር የጎደለንን ከሥሩ በእርሳስ ጽፌዋለሁ፤ ኪራይ፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአማቴ ጉልበት መድኃኒት። ዘይትም አልቋል፤ እሱን ባለቤቴ ነው የጨመረው።